የበርበሬ ቤቱ ነፋስ

አንድ ባለጠጋ ነበረ፤ በርበሬ እያስፈጨ ይሸጥ ነበር።

ቆይ፣ አታቋርጠኝ። ጥያቄህን አልረሳሁትም። «እናቴን ከገጠር አምጥቼ ቤቴ አስቀምጫለሁ። ጠዋት ማታ ምን ጎደለሽ እላታለሁ፤ ምንም ትለኛለች። ታዲያ ለምን ትከሳለች?» ነው ያልከኝ። መልሱን እኔ አላውቀውም። ይህ ሰውዬ ግን ሳያውቀው አይቀርምና ጆሮህን ስጠኝ።

ሰውዬው ደግ ነበር። ደግ ሀብታም ተረት ውስጥ ከገባ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ክፉ ሆኖ ይወጣል፤ የእኔው ግን እንደገባ ነው የሚወጣው፣ አትስጋ። ከከተማው ዳር ትልቅ አዳራሽ ነበረው። በአንዱ ጫፍ ወፍጮው ያጓራል፤ በግድግዳው ሥር ሴቶች በርጩማ ላይ ተደርድረው በርበሬ ይቀነጥሳሉ፣ የተፈጨውን ይነፋሉ። በርበሬ ቤት ገብተህ ታውቃለህ? የገባ ሰው ሰላምታውን አይጨርስም። እዚያማ አንዷ ስታስነጥስ ሌሎቹ «ይማርሽ!» ይላሉ፤ እሷ «ያኑራችሁ» ብላ ሳትጨርስ ሌላዋ ታስነጥሳለች፤ እንደገና «ይማርሽ!» ይባላል። ቀኑን ሙሉ ምርቃት ነው። ሠርግ ቤት እንኳ ያን ያህል አይመረቅም።

የሴቶቹ አለቃ እትዬ አስካለ ትባላለች። ባለጠጋው ገና ጆንያ ተሸካሚ ልጅ ሳለ ጥሩውን በርበሬ ከመጥፎው በጣቱ ዳስሶ እንዲለይ ያስተማረችው እሷ ናት። ያኔ «አንተ ልጅ» ነበር የምትለው። የቤቱ ጌታ ከሆነ ወዲህ ግን «እርስዎ» ማለት ጀመረች። «ተይ እንጂ እትዬ» ይላታል፤ እሷ ግን አትተውም።

አንድ ዓመት ላይ ደረቷን ያማት ጀመር። ሳሉ አልለቃት አለ። ጾሙ ሊገባ ሲል ጠጋ ብላ፦

«ጋሼ፣ ለፋሲካ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ። ከዚያ በኋላ የምመለስም አይመስለኝ። ይኼ ብናኝ ደረቴን ጨረሰው» አለችው።

ባለጠጋው ያን ቀን ምሳውን ሳይነካ ተወው። እናቱ ከሞተች ወዲህ ፊቱን አይታ መራቡን የምታውቅለት ሰው እትዬ አስካለ ብቻ ነበረች። እሷ የሌለችበት በርበሬ ቤት ቤት አይመስለውም። እንዳትሄድበት ፈራ፤ ከፋሲካ በፊት አንድ ነገር ማድረግ አለብኝ ብሎ ተነሣ።

ቆርቆሮ ሠሪ አስጠራ። ከጣራው ላይ ከውጭ ንጹሕ አየር የሚስብ ትልቅ ማራገቢያ አስተከለ። ከማራገቢያው የሚነሣ የቆርቆሮ ቱቦ በግድግዳው ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስዘረጋ። «እያንዳንዷ የራሷ ነፋስ ይኑራት» አለና ከዋናው ቱቦ ትንንሽ ቱቦዎች እየተቀጠሉ ወርደው በእያንዳንዷ ሴት በርጩማ ኋላ አፋቸውን እንዲከፍቱ አደረገ። ብናኙ ደግሞ እንዲወጣ የላይኞቹን መስኮቶች አስከፈተላቸው። ለሌላ ሰው ቢሆን ይበቃው ነበር። ይህ ሰው ግን ያደረገው ነገር መድረሱን ሳያይ እንቅልፍ የማይወስደው ዓይነት ነው። ስለዚህ የነፋስ መለኪያ ገዛ።

መለኪያው ቀጭን ዘንግ ነው። ጫፉ ላይ የጠርሙስ ቆርኪ የምታህል ማራገቢያ አለችው። በቱቦው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ትበሳና ዘንጉን ታስገባዋለህ። ነፋሱ ያቺን ማራገቢያ ሲገፋት ትዞራለች፤ እጀታው ላይ የነፋሱ ፍጥነት በቁጥር ይወጣል። ቆርቆሮ ሠሪው አለካኩን አሳየው።

«ጋሼ፣ ትልቁ ማራገቢያ አጠገብ አይለኩ፤ እዚያ ነፋሱ ይዘላል እንጂ አይሄድም። ቱቦው ከሚታጠፍበትም ይራቁ። ቀጥ ብሎ ብዙ በሄደበት ቦታ ይለኩ። እዚያም ቢሆን መሃል ለመሃል ብቻ ለክተው ደስ አይበልዎት፤ መሃሉ ይሮጣል፣ ዳር ዳሩ ይጎተታል። ዘንጉን ከዳር እስከ ዳር እያዘዋወሩ ይለኩና አማካዩን ይያዙ።»

ባለጠጋው እንደተባለው አደረገ። ቁጥሩ ግሩም ሆነ። እጁን አጨበጨበ፤ ሴቶቹም እልል አሉለት።

ጥቂት ቀን አለፈና በግቢው ሲያልፍ ከአዳራሹ «ይማርሽ! ይማርሽ!» የሚል ድምፅ ሰማ። እንዴት ይሆናል? መለኪያውን አንሥቶ ወደ በሩ ሄደ። ጨዋ ሰው ነውና ሴቶች የተቀመጡበት ቤት ዘው ብሎ አይገባም፤ እንደ ልማዱ ከበሩ ቆም ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሳል ሳል አለ፣ ከዚያ ገባ። ሁሉም ብድግ አሉ። «በእግዜር ተቀመጡ» ብሎ ዘንጉን ቱቦው ውስጥ ከተተ። ማራገቢያዋ ተሽከረከረች። ቁጥሩ ያው ግሩም ነው።

«ነፋሱ እንዴት ነው?» አላቸው።

«ተመስገን ጋሼ! ዕድሜ ይስጥልን፤ ገነት ነው!»

ደስ ብሎት ወጣ። ወደ ግቢው በር ሳይደርስ ከኋላው «ይማርሽ!» ሰማ።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰነበተ። ጉሮሮውን ጠርጎ ሲገባ ነፋሱ ሙሉ ነው፤ ሲወጣ ምርቃቱ ይጀምራል። መለኪያው ዋሽቶኝ ይሆናል ብሎ መኪናው ውስጥ ገባና ሹፌሩን «ንዳ!» አለው፤ ዘንጉን በመስኮት አውጥቶ እንደ ጦር እየሰበቀ በገበያው መሃል አለፈ። ሰዉ «ሰውዬው በርበሬው ጭንቅላቱ ላይ ወጣበት» ብሎ ሳቀ። መለኪያው ግን ደህና ይዞራል። ቆርቆሮ ሠሪውን ጠርቶ ቱቦውን አስፈተሸ፤ ቀዳዳ የለው፣ ዝገት የለው። የእትዬ አስካለ ሳል ግን ባሰበት፤ እሷም ልብሷን ለመንገድ ማጠብ ጀመረች። በቁጥር የሞላ ነፋስ አለው፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ነፋስ የለውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ጾሙ ሲጋመስ ተናደደ። ደግ ሰው ሲናደድ ደግሞ ልጅ ይሆናል።

«ዛሬ ከእናንተው ጋር ነው የምውለው! በእትዬ ቦታ እቀመጣለሁ፤ ማን እንደሚያስነጥስ አያለሁ!» አለና ኮቱን አውልቆ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠ። እሷም ከጎኑ ተቀመጠች። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ እስከ ጆሮዋ ተከናነበች።

ጠዋቱ ሸጋ ነበር። ወፍጮው ያጓራል፤ አንድም ሰው አላስነጠሰም። ባለጠጋው በርበሬውን እየቀነጠሰ፦

«አላልኳችሁም? አላልኳችሁም?» ይላል። ሴቶቹም አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ልክ ነዎት ጋሼ» ይላሉ።

ረፋዱ ላይ የሸሚዙን ኮሌታ አቆመ። ትንሽ ቆይቶ በርጩማውን ወደ ግራ አስጠጋ፤ ነፋሱ ተከተለው። ወደ ቀኝም ሞከረ። ከዚያ ኪሱ የነበረውን መሐረብ አውጥቶ አንገቱ ላይ ጠመጠመ። ከምሳ በኋላ ማጅራቱን ጨምድዶ ያዘው፤ ሰው ሲጠራው እንደ በሬ ከነትከሻው ነው የሚዞረው። ብርድ ከኋላ ሲመታ እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ፤ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ከፍቶ ከጎረቤቱ ያልተጣላ ማን አለ? ይህ ሰው የተወለደው ከእነዚያው መስኮት ዝጉ ከሚሉት ሰዎች ነው፤ ቱቦውን ሲያሠራ ግን ረስቶታል።

እጁ እሱን ሳያማክር ተነሣ። ከበርጩማው ሥር አንድ የተጠቀለለ ማዳበሪያ ዳሰሰ፤ አነሣውና ከኋላው ያለውን የቱቦ አፍ ወተፈበት። እፎይ አለ። ወደ በርበሬውም ተመለሰ።

ከዚያ እጁ በርበሬ እንደያዘ ቀረ። ቀስ ብሎ ዞረ፤ ከነትከሻው ማለቴ ነው። ማዳበሪያው የቱቦው አፍ ላይ ልክ ሆኖ ተቀምጧል። ዳርና ዳሩ በወፍራም ክር ተሰፍቷል፤ መጎተቻ እንኳ አለው። ጎንበስ ብሎ በየበርጩማው ሥር አየ። በየአንዳንዱ ሥር አንድ አንድ ተቀምጧል።

«እትዬ፣ ይኼን ማን ሰፋው?»

እትዬ አስካለ አቀረቀረች። ከዚያ ከወዲያኛው ጫፍ አንዷ ሳቋን መያዝ አቅቷት ፈነዳች፤ ሌሎቹም ተከተሉ።

«ምን እንበል ጋሼ?» አለች እትዬ አስካለ። «ሰው ተጨንቆልን፣ ነፋስ ከሰማይ ጠልፎ ቢያመጣልን፣ 'ነፋስዎ ማጅራታችንን መታን' ይባላል? ነውር አይደለም? እርስዎ ሲመጡ እናወጣዋለን፤ ሲሄዱ እንመልሰዋለን።»

«መምጣቴን በምን ታውቁታላችሁ?»

«ኧረ ይስሉ የለ!»

ባለጠጋው ሳቀ፤ ማጅራቱን ይዞ እየጮኸ ሳቀ። የእሱ ጨዋነት በር ላይ ያስላል፣ የእነሱ ጨዋነት ውስጥ ይነቅላል፤ በሁለቱ ጨዋነት መሃል አንዲት ሴት ልትሞት ነበር።

«በሉ፣ እኔ የሌለሁ ያህል አድርጉት» አላቸው። እጆች ሁሉ ወደ ኋላ ሄዱ፤ አፎቹ ተወተፉ። ዘንጉን አንሥቶ በቀዳዳው አስገባ። ያቺ ትንሽ ማራገቢያ ዳዴ አለች፣ ዘገየች፣ ቆመች። የወፍጮው ብናኝ ቀስ እያለ ቤቱን ሞላው። ባለጠጋው አፍንጫው ተንቀጠቀጠ፤ ጣራውን የሚያነሣ ማስነጠስ አስነጠሰ።

«ይማርህ፣ አንተ ልጅ!» አለች እትዬ አስካለ።

አፏን በእጇ ያዘች። «እርስዎ» ማለቱን ረስታው ነበር።

«ያኑርሽ እትዬ» አለ እሱ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። በርበሬው ነው ይሉ ነበር ሴቶቹ በኋላ ሲያወሩ፤ አልነበረም።

በማግስቱ ቆርቆሮ ሠሪው መጥቶ የቱቦዎቹን አፍ ከበርጩማዎቹ ኋላ አነሣቸው፤ ከሰው ራስ በላይ ሰቅሎ ወደ ጣራው አዞራቸው። ነፋሱ ማንንም ሳይመታ ከላይ በዝግታ ይወርድ ጀመር። ባለጠጋው ለካ። ቁጥሩ ምን ያህል ሆነ መሰለህ? ያው የድሮው ነው! ቁጥሩን አይቶ አልረካም። ወጥቶ በሩን ዘጋ፣ ጥቂት ቆየ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ገባ። ብድግ አሉለት እንጂ አንድም እጅ ወደ ኋላ አልሄደም። ያን ጊዜ አመነ።

እትዬ አስካለ ለፋሲካ ልጇ ዘንድ ሄደች። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ተመለሰችና በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። ሳሉም ቀስ በቀስ ለቀቃት።

አሁን ወዳንተ ልምጣ፣ ልጄ። እናትህን ትወዳታለህ፤ ይህን ማንም አይጠራጠርም። ጥሩ ክፍል ሰጥተሃታል፣ ለስላሳ አልጋ ገዝተህላታል። ጠዋት ቦርሳህን አንግተህ በሯ ላይ ትቆምና ጉሮሮህን ትጠርጋለህ፦ «እማ፣ ምን ጎደለሽ?» እሷ ደግሞ አንተን አሳድጋ ጨዋነት ያስተማረች ሴት ናት። ድምፅህን ስትሰማ የወተፈችውን ትነቅላለች፤ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ፈገግ ትላለች፣ «ምንም ልጄ፣ ተመስገን» ትላለች። አልዋሸችህም። አንተ በር ላይ በቆምክባት በዚያች ሰዓት እውነትም ምንም አይጎድላትም። የለካኸው ያንን ሰዓት ነው።

ከኋላዋ የሚነፍስባት ምን እንደሆነ እኔ አላውቅም። ምግቡ ይሆናል፣ ቀኑን ሙሉ ዝም የሚለው ቤት ይሆናል፣ ምናልባትም አንተ በፍቅር የሰጠሃት ነገር ራሱ ይሆናል። እሷን ብትጠይቃት አትነግርህም፤ ነውር ነው።

ምነው ተነሣህ? ሻይህን እንኳ አልጨረስክም። ይሁን፣ ሂድ። ግን ዛሬ በሯ ላይ አትቁም፣ ምንም አትጠይቃት። ጫማህን አውልቀህ ግባና እሷ በምትቀመጥበት ቦታ ተቀምጠህ ዋል። ማጅራትህ ይነግርሃል።