ደህና ነኝ ያለው ቅል

ጆሮ ያለው!

አለሁ በሉ እንጂ! አንተ ጋቢ የተከናነብከው፣ ጎረቤትህ አይመልስልህ፤ በራስህ አፍ መልስ። ሁላችሁንም ሳልሰማ አልጀምርም። እህ፣ እንዲያ ነው። በሉ ስሙ።

ድሮ፣ ድንጋዩም ቅሉም አፍ በነበረው ዘመን፣ እመት ኤሊና እመት ጃርት የሚባሉ ጎረቤታሞች ነበሩ። ኤሊ ከሸለቆው ወዲህ፣ ጃርት ከነባሏ ከሸለቆው ወዲያ። በመካከላቸው አንዲት ቀጭን መንገድ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ኤሊ ደጃፏ ካለው አለት ላይ እየተንፏቀቀች ትወጣለች። ጃርት ደግሞ መጀመሪያ ትስላለች፤ ሳትስል ተጣርታ አታውቅም።

«እህህ፣ እህህ! ኤሊዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«አለሁልሽ! አንቺስ?»

«ወገቤን ፈለጠኝ እንጂ አለሁ!»

ማታም እንዲሁ። አንድ ደንብም ነበራቸው፤ ተጠርታ ያልመለሰችውን ሌላዋ ሄዳ ታያታለች። ዝናብ ቢሆን ትሄዳለች። ፀሐይ ቢሆን ትሄዳለች። ተኳርፈው ቢሆን እንኳ፣ እያጉረመረመች ትሄዳለች።

አንድ ቀን ጦጣ ሁለት ቅል አዝላ መጣች። ጦጣ መቼም ዝም ብላ አትመጣም። በዚያች መንገድ ዳር ያለውን ሽምብራ ከጎመጀች ቆይታለች፤ ጎረቤታሞቹ ሲመላለሱ እንዳያዩዋት ነው ጭንቋ።

«እመት ኤሊ፣ እንደምን ዋሉ? በዚህ ዕድሜዎ አለት ላይ መውጣት መውረድ ምን አመጣው? ይህን ቅል ደጃፍዎ ላይ ይስቀሉት። ሦስት ቀን ያድምጥዎ፤ በአራተኛው ቀን በእርስዎ ድምፅ ይጣራል፣ በእርስዎ ድምፅ ይመልሳል።»

«ምን ብሎ ይመልሳል?»

«እርስዎ እንዳስተማሩት ነዋ!»

ኤሊ ጉልበቷ ያማታል። ቅሉን ደጃፏ ላይ ሰቀለችውና፣ «ደህና ነኝ በል። ሁልጊዜ ደህና ነኝ በል፤ ጃርትን አታሳስባት» አለችው። ሁለተኛውን ቅል ጦጣ ለጃርት ወሰደችላት።

መጀመሪያ ሰሞን ኤሊ አብራ ታዳምጥ ነበር። ከዚያ አልፎ አልፎ። ከዚያ ጭራሽ ተወችው። ቅሉ አለ አይደል! መንገዷን ሣር ዋጣት፤ ሽምብራውንም ጦጣ ጨረሰችው።

ክረምቱ አልፎ አንድ ቀን በቀትር፣ ኤሊ የረገፈ የሾላ ፍሬ ልትለቅም ወጣ ስትል የረገጠችው ድንጋይ ከዳት። ተንከባለለች፣ ተንከባለለችና ከደጃፏ በታች ካለው ጎድጓዳ በጀርባዋ ወደቀች። በጀርባዋ የወደቀች ኤሊ አይታችኋል? አራት እግሯ ሰማይ ሲረግጥ ይውላል። የሚገለብጣት ካልመጣ እዚያው ደርቃ ትሞታለች።

ኤሊ ይህን ታውቃለች፤ ግን አልፈራችም። «ማታ ጃርት ትጣራለች፤ መልስ ስታጣ ትመጣለች» አለች። ቅሉን ረስታዋለች!

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከማዶ ድምፅ መጣ።

«ኤሊዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

ከደጃፏ፣ በገዛ ድምፅዋ፣ «ደህና ነኝ! በጣም ደህና ነኝ!» የሚል መልስ ሄደ።

ኤሊ ክው አለች። «አንተ ቅል! ወድቃለች በላት!»

«እመቤቴ፣ እንዲህ ያለውን አላስተማሩኝም» አለ ቅሉ። «ጃርትንም አታሳስባት ብለውኛል።»

ራሷ ጮኸች። ከጉድጓድ የሚወጣ የኤሊ ጩኸት የት ይደርሳል? እዚያው ቀረ።

በማግስቱ ጠዋት ገና ጎህ ሳይቀድ ልመና ጀመረች። «እባክህ ዛሬ ዝም በል። ሌላ ምንም አልልህም፤ ዝም ብቻ በል።»

«ዝም ማለትንም አላስተማሩኝም። ተጠርቼ ዝም ካልኩ ምኑን መልስ ሰጪ ሆንኩ?»

«ኤሊዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«ደህና ነኝ! በጣም ደህና ነኝ!»

ኤሊ ግን አንድ ነገር ጆሮዋን ቆረቆረው። ጃርት አልሳለችም። ትናንትም አልሳለችም። ወገቧንም አላነሳችም። የሚጣራውም ቅል ነው! ከማዶ የሚያዳምጥ የለም። ያኔ ፍርሃት እውነተኛ ፍርሃት ሆነባት፤ አለቀሰች።

በቀትር ጥንብ አንሳ መጣ። ሾላው ላይ አረፈና አንገቱን ቀልሶ አያት።

«አይቸኩሉ እመቤቴ፤ እኔ ታጋሽ ነኝ» አላት።

ምላሷ ደርቆ ከላንቃዋ ተጣብቋል። እንደምንም አላቀቀችው። «ከእኔ ምን ታገኛለህ? አጥንት ብቻ ነኝ። ወፍራሟ እህቴ ደጃፉ ላይ ናት። ሲመሽ ከማዶ ይጠሯታል፤ ስትመልስ ስማት።»

የእሷ ቅል ዝም ቢልም ማዶ የሚጣራው ቅል ነው፣ የሚሰማ ጆሮ የለም፤ ይህንን ታውቃለች። ግን ሌላ ምን አላት?

መሸ። «ኤሊዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

«ደህና ነኝ! በጣም ደህ…»

አልጨረሰም። ጥንብ አንሳው ዘሎ ተከመረበት። ገመዱ ተበጠሰ፣ ቅሉ አለቱ ላይ ወርዶ ተንኮታኮተ። ከውስጡ የወጣው ሦስት ደረቅ ፍሬ ብቻ ነው።

«አታለልሽኝ!» ብሎ ተመለሰባት። ኤሊ አንገቷን ሰበሰበች፣ እግሯን ሰበሰበች። ቋ! ቋ! ቋ! ድንጋይ ልብሷን ይቀጠቅጠው ጀመር።

ከማዶ፣ «ኤሊዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

ዝም።

«ኤሊዬ፣ እንዴት ዋልሽ?»

ዝም።

የጃርት ቅል መልስ ያጣበት ቀን የለም፤ ሲያጣ ምን እንደሚደረግ አልተማረም። ደገመው፣ ደጋገመው፣ ሸለቆውን አናጋው። ከዚያ…

«እህህ፣ እህህ! ምን ሆነህ ነው የምትለፈልፈው? ዝም በል!»

ሳል! ኤሊ ልቧ ዘለለ።

እንደገና ሳል። ከዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ «ኤሊ?»

ኤሊ አፏን ልትከፍት ነበር። ገጠመችው። ዝም አለች፣ ትንፋሿን እንኳ ዋጠች፣ ቋ! ቋ! እየተባለችም ዝም አለች።

ሣሩ ውስጥ እሾህ ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። ጥንብ አንሳው ዞር ብሎ የጃርትን እሾህ ሲያይ ያን ሁሉ ትዕግሥቱን ይዞ በረረ።

ጃርት ገፍታ ገለበጠቻት። ሰላምታ የለም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

«መቼ ወደቅሽ?»

«ትናንት በቀትር።»

«ትናንት ማታ ደህና ነኝ አላልሽም?»

«ቅሉ ነው። የጠራሽኝስ አንቺ ነሽ?»

ጃርት መሬቱን ጫረች። «ቅሉ ነው» አለች። መጫሯን ሳትተው ደግሞ፣ «ባሌ ሞተ።»

«ምን አልሽ?»

«በነሐሴ። ወጥመድ ገብቶ። የሩቁ ሁሉ ለቅሶ ሲደርስ እኔ ያቺን መንገድ ሳይ ከረምኩ። ቅሌ ነግሯታል፣ ሰምታ ቀረች ብዬ ተቀየምኩሽ። ድምፅሽን መስማት አስጠላኝ።»

«አልሰማሁም። አልዋሽሽም፣ ማዳመጥ ትቼ ነበር። ለመሆኑ ቅልሽን ምን በል ብለሽው ነበር?»

ጃርት እንባዋ መጣ። «እንዳታስቢ ብዬ… ሁሉም ደህና ነው በል አልኩት።»

ኤሊ ውኃ ሳትጠጣ፣ ቤቷ ሳትገባ፣ ፊቷን ወደ መንገዷ አዞረች።

«ወዴት ነው? እግርሽ ደምቷል እኮ!»

«ለቅሶ ልደርስ።»

ያንን መንገድ በማግስቱ ጀምበር ስትጠልቅ ጨረሰችው። ጃርት ከጎኗ ቀስ ብላ ሄደች። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ኤሊ፣ «ወይኔ አያ ጃርት! ወይኔ ጎረቤቴ!» ብላ ወደቀች፤ ጃርትም ባሏ ዛሬ የሞተ ያህል አብራት አለቀሰች። ከበላያቸው ቅሉ፣ «ሁሉም ደህና ነው!» አለ። ጃርት ተነሥታ ገመዱን በጥርሷ በጠሰችው።

ጦጣማ ሌላ ቅል አዝላ ሌላ አገር ሄደች አሉ።

እንግዲህ እናንተም፣ ደህንነታችሁን የሚያወራላችሁ ሞልቷል፤ ስትወድቁ የሚያነሳችሁ ግን ዝም ስትሉ የሚጨንቀው ብቻ ነው። እሱን በእጃችሁ ያዙት፣ ሐዘኑንም ከራሱ አፍ ስሙት።

ተረቴ አለቀ። ጆሮ ያለው!

…ያ ጋቢ የተከናነበው አልመለሰም። እንቅልፍ ይሆናል። ይሁን፤ አንዳችሁ ተነሡና ጠጋ ብላችሁ እዩት።