የሁለት ሠራተኞች አማካይ

ትጉሁ ሥራ አስኪያጅ አቶ ጓንጉል ያን ቀን ቀደም ብለው፣ ለምሳ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ቢሮ ገቡ። የጽዳት ሠራተኛዋን የሻረግን ወለሉን ወልውላ ጨርሳ የሒሳብ ደብተሯን ስታገላብጥ አገኟት።

«አንቺ ደግሞ ሒሳብ ጀመርሽ?» ብለው ደብተሩን ነጠቋትና በሠራተኛው ሁሉ ፊት አነበቡ፦ «ሁለት ሠራተኞች በቀን የሚሠሩት በአማካይ አራት ሰዓት ነው። አንደኛው ስምንት ሰዓት ከሠራ፣ ሌላው ስንት ሰዓት ይሠራል?» ቀና ብለውም፣ «ይህን ካልመለስሽ፣ ለትምህርት እያልሽ ቀድሞ መውጣት ከዛሬ ጀምሮ ቀረ!» አሏት።

የሻረግ ደነገጠች፤ ሁለት ዓመት የለፋችበት ትምህርት ነው። ጥያቄውን በልቧ ስታሰላው ግን ፊቷ ፈካ።

«ሰዓቱስ ዜሮ ነው፣ ጌታዬ» አለች እጅ ነስታ። «የሰውየውንም ስም ልጨምር?»