የባንቺአየሁ የጫማ ማሰሪያና አልነሣም ያለችው በቅሎ

ሆሆሆይ! ቆዩኝ እስቲ፣ ሆዴን ልያዝ! ያቺ በቅሎ ዓይኗን ጨፍና ስትተኛ ትዝ ባለኝ ቁጥር እኮ ሳቄ አያስወራኝም። ደግሞ በቅሎዋ ምን አላት! ዋናው ጉድ ከሻንጣው ውስጥ የወጣው ነው። እሱን ለመጨረሻ ተዉልኝ፤ አሁን ብነግራችሁ ወሬው ይበላሻል።

ልጅቱ ባንቺአየሁ ትባላለች፣ የደባርቅ ልጅ። ሁለት ዓመት ሙሉ ተራ ስትጠብቅ ኖራ፣ ስሟ ገና በዚያ ሰሞን ለወጥ ቤት ረዳትነት ወጣላት። አገር ጎብኚ እንግዶች ይዘው፣ በእግራቸው፣ ስድስት ቀን፣ የሰሜንን ተራሮች አቋርጠው ራስ ዳሸን ድረስ! አባቷ በሕይወት ሳለ የዚያ ተራራ ጥበቃ ነበር። ሲሞት የተረፈው አንድ ወፍራም የቆዳ ጫማ ነው፤ እሷም ሁለት ካልሲ ደርባ እሱኑ ተጫማች። "አባቴ የረገጠውን በአባቴ ጫማ እረግጠዋለሁ" ብላ ነው እንጂ፣ አንዱ ጫማ ብቻውን ለሁለት እግር ይበቃል።

በመሄጃዋ ጠዋት ሻንጣዋን ወደ ጭነቱ ስትወስድ፣ ወይ ክብደቱ! ልብስ ነው የያዘው ወይስ ወፍጮ? እግሯን ተክላ፣ ወገቧን ይዛ፣ "እህ!" ብላ ጭነት በምትሸከመው በቅሎ ላይ ስትጭነው፣ የግራ እግሯ ማሰሪያ ጧ! ብሎ ተበጠሰ።

መሪው ጋሽ ምስጋናው አዩዋት። "ስድስት ሰዓት ሲሆን እንነሣለን" አሉ። "ጫማው ያልጠበቀ ሰው ገደል አፋፍ ላይ አልወስድም። በሲባጎ አስራለሁ እንዳትዪኝ፤ በሲባጎ ያሰረውን ሰው በጀርባዬ አዝዬ አውርጃለሁ። ካልደረሽ ተረኛዋ ትሄዳለች፣ ያንቺ ስም ከታች ይጻፋል።"

ከታች! ሌላ ሁለት ዓመት! ለአንድ ክንድ ተኩል ክር!

ባንቺአየሁ ጫማዋን እየጎተተች እዚያው ከመጫኛው አጠገብ ወደሚሠራው ጫማ ሰፊ ወደ ጋሽ ደርበው ሮጠች። በከተማው እንዲያ ያለ ረጅም ማሰሪያ ያለው እሱ ብቻ ነው።

"ጋሼ፣ አንድ ማሰሪያ!"

"ማሰሪያስ ሞልቶኛል፣ የአባትሽን ጫማ ልክ ደግሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ሳጥኔን እይው!"

ዞር ብላ ብታይ፣ ያቺ የተጫነች በቅሎ ሁለት እርምጃ ሄዳ፣ ሦስተኛውን ትታ፣ ከጋሽ ደርበው ሳጥን ጥግ ጉልበቷን አጥፋ ተኝታለች። ሳጥኑን ከግድግዳው ጋር አጣብቃዋለች፤ መክፈቻው በሆዷ በኩል ነው። በቅሎዋ ካልተነሣች ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ ማሰሪያ የለም፤ ማሰሪያ ከሌለ ባንቺአየሁ ዳሸንን አታይም!

ወደ ባለበቅሎው ሮጠች። "አያ ፈጠነ፣ በቅሎህን አስነሣልኝ!"

"አላስነሣትም" አለ አያ ፈጠነ፣ በቅሎዋ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ቆሎ እየቆረጠመ። "እሷ ሚዛን ናት። ጭነት ሲበዛ ትተኛለች፤ ዋሽታ አታውቅም። ይኸን የከሰል ጆንያና የብረት ምድጃ ወጥ ቤቷ ታውርደው።"

ከሰሉ ካልወረደ ባለበቅሎው በቅሎዋን አያስነሣም፤ በቅሎዋ ካልተነሣች ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ ማሰሪያ የለም፤ ማሰሪያ ከሌለ ባንቺአየሁ ዳሸንን አታይም!

ወደ ወጥ ቤቷ ወደ እትዬ ሽታዬ ሮጠች። "እትዬ፣ ከሰሉን ያውርዱልኝ!"

"አወርድና በምን ላብስል? በትንፋሼ?" አለች እትዬ ሽታዬ፣ ሽንኩርት ስትቆጥር ቀና ብላ። "ፓርኩ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ነው። እዚያ ማዶ ባለሱቁ ትንሽ የጋዝ ምድጃ ያከራያል፤ እንደ ሕፃን የምትታቀፍ። እሷን አምጪልኝ፣ ከሰሉን በአንድ እጄ አወርደዋለሁ።"

ምድጃዋ ካልመጣች ወጥ ቤቷ ከሰሉን አታወርድም፤ ከሰሉ ካልወረደ ባለበቅሎው በቅሎዋን አያስነሣም፤ በቅሎዋ ካልተነሣች ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ ማሰሪያ የለም፤ ማሰሪያ ከሌለ ባንቺአየሁ ዳሸንን አታይም!

ወደ ባለሱቁ ወደ አቶ ገላው ሮጠች። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ምርኩዝ፣ የማያከራየው የለም። "አቶ ገላው፣ ምድጃዋን!"

"ለሽታዬ? በፍጹም!" አለ አቶ ገላው። "ባለፈው የወሰደችውን ድንኳን ቀድዳ ነው የመለሰችው። ድመት ያስወጣል ቀዳዳው! ዛሬ ደግሞ ይኸው ድንኳን ነው ከናንተ ጋር የሚሄደው። አስጥፊልኝና ምድጃዋን ውሰጂ።"

ድንኳኑ ካልተጣፈ ባለሱቁ ምድጃዋን አይሰጥም፤ ምድጃዋ ካልመጣች ወጥ ቤቷ ከሰሉን አታወርድም፤ ከሰሉ ካልወረደ ባለበቅሎው በቅሎዋን አያስነሣም፤ በቅሎዋ ካልተነሣች ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ ማሰሪያ የለም፤ ማሰሪያ ከሌለ... እናንተው ጨርሱት!

ድንኳኑን በትከሻዋ አድርጋ ወደ ልብስ ሰፊው ሮጠች። ልብስ ሰፊው ጋሽ አየነው ቀስ ብሎ ቀዳዳውን በጣቱ ለካው፣ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። ልጅቱ ልትፈነዳ ነው!

"መስፋቱን በእግር መኪናዬ እሰፋዋለሁ" አላት። "ግን የሚጣፈው እራፊ በጋለ ካውያ ካልተተኮሰ አይጣበቅም፣ ውሃ ያስገባል። መብራት ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል።"

"ጋሼ በእናትዎ፣ ዝም ብለው ይስፉት!"

"አይሆንም ልጄ። አንዴ ሳልተኩስ ሰጥቼ፣ ሰዎቹ ሌሊቱን በዝናብ ተደብድበው መጡ። አንዱ እየተንቀጠቀጠ 'እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ' አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የከሰል ካውያ ፈልጊልኝ። ድሮ እናትሽ ዘንድ አንድ ነበረ።"

በሉ እንግዲህ ትንፋሽ ሰብስቡ! ካውያ ካልተገኘ ልብስ ሰፊው ድንኳኑን አይጥፍም፤ ድንኳኑ ካልተጣፈ ባለሱቁ ምድጃዋን አይሰጥም፤ ምድጃዋ ካልመጣች ወጥ ቤቷ ከሰሉን አታወርድም፤ ከሰሉ ካልወረደ ባለበቅሎው በቅሎዋን አያስነሣም፤ በቅሎዋ ካልተነሣች ሳጥኑ አይከፈትም፤ ሳጥኑ ካልተከፈተ ማሰሪያ የለም፤ ማሰሪያ ከሌለ ባንቺአየሁ ዳሸንን አታይም!

ባንቺአየሁ እያለከለከች ቤቷ ገባች። እናቷ ወይዘሮ ሲሳይነሽ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላለች።

"እማዬ፣ ካውያው! የከሰሉ ካውያ የት ነው ያለው?"

እናትየው መሬት መሬት አየች።

"እማዬ!"

"ሻንጣሽ ውስጥ ነው" አለች እናትየው በቀጭን ድምፅ።

"የማን ሻንጣ?"

"ያንቺ። ከታች፣ በፎጣ ጠቅልዬው።"

ኧረ በሞቴ! ተራራ ለሚወጣ ሰው ካውያ! ያውም የብረት፣ ያውም የከሰል፣ ያውም ክዳኑ ላይ ዶሮ የተቀመጠችበት የሚመስለው! ልጅቱ ራሷን ያዘች። "ምን እንድተኩስበት ነው እማዬ? ጭላዳ ዝንጀሮውን?"

"አትሳቂብኝ" አለች እናትየው፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። "አባትሽ ከዚያ ተራራ ሲወርድ ልብሱ እንደ ታኘከ ቅጠል ሆኖ ነበር የሚመጣው። ሰዉ 'ይኼ ሰው ቤት የለውም እንዴ' ይለው ነበር። አንቺን ደግሞ በሰው አገር፣ በእንግዳ ፊት፣ 'ሰው የላትም' እንዳይሉሽ ብዬ ነው።"

ባንቺአየሁ ልትቆጣ አፏን ከፍታ ነበር፣ ቁጣው ግን ጠፋባት። እናቷን እጇን ይዛ ጎትታ፣ አብረው ወደ በቅሎዋ ሮጡ። ሻንጣውን ፈቱ፣ ከታች እጃቸውን ከተቱ፣ ካውያውን ጎትተው አወጡ።

በቅሎዋ አንድ ዓይኗን ገለጠች።

ሁለተኛውን ገለጠች።

ከዚያ ማንም ሳይነካት፣ ማንም ሳይለምናት፣ ብድግ! ከሰሉም ምድጃውም እላይዋ ላይ እንዳለ! አያ ፈጠነ ቆሎው ከእጁ ተበተነ። "እኔኮ ሚዛን ናት ብያለሁ!" ብሎ ጮኸ። "የከበዳት ከሰሉ አይደለም፣ ካውያው ነው!"

ጋሽ ደርበው ሳጥኑን ከፍቶ ማሰሪያውን እያውለበለበ፣ "ነይ ልጄ፣ ነይ እሰሪ! ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው!" ይላታል። አያ ፈጠነም፣ "በቅሎዋ ተነሥታለች፣ ካውያው ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል? ጣይው!" ይላታል።

እሷ ግን ማሰሪያውን አየች፣ ካውያውን አየች፣ ወደ ላይ ብታይ ከተራራው ራስ ላይ ደመና ተቀምጧል። ያ ድንኳን እንደተቀደደ ቢሄድ አንድ ሰው ከስሩ ይተኛል። "ማሰሪያውን ያዙልኝ ጋሼ!" አለችና ከጆንያው ሦስት እፍኝ ከሰል ዘግና፣ አንድ ጫማዋን እየጎተተች በረረች።

አሁን እዩልኝ! ከሰሉ ሲፋፋም ካውያው ጋለ፤ ካውያው ሲግል ልብስ ሰፊው ድንኳኑን ጣፈ፤ ድንኳኑ ሲጣፍ ባለሱቁ ምድጃዋን ሰጠ፤ ምድጃዋ ስትመጣ ወጥ ቤቷ ከሰሉን አወረደች፤ ከሰሉ ሲወርድ ባለበቅሎው ሳቀ፤ በቅሎዋማ ቀድሞውንም ቆማለች፤ ሳጥኑም ቀድሞውንም ተከፍቷል፤ ማሰሪያው ደግሞ በጋሽ ደርበው እጅ! በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይዘል አሰረላት፣ ልክ ለአባቷ ያስርለት እንደነበረው።

ጋሽ ምስጋናው መጡ። ጫማውን በምርኩዛቸው ነካ ነካ አደረጉት። ሰዓታቸውን አዩ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሁለት ደቂቃ!

"ሂጂ፣ ከፊት ሁኚ" አሏት።

ሄደች። ከበቅሎዋ ቀድማ፣ በአባቷ ጫማ፣ ቀጥ ብላ ሄደች። ከመታጠፊያው ስትደርስ ዞር ብትል፣ እናቷ መንገዱ መሃል ቆማ፣ ያን ገና ያልበረደ ካውያ በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ይዛ፣ ከተማው ሁሉ እስኪሰማ እንዲህ ስትል ሰማቻት፦

"ባንቺ! አንቺ ብቻ በደህና ተመለሺ እንጂ ልብስሽ ይጨማደድ! እኔ አለሁ፣ እኔ እተኩሰዋለሁ!"