ክዳን ያጣው ቤት

አንድ ጊዜ በአንድ ብርዳማ ተራራ ላይ የሚኖሩ አራዊት ደናቸውን አንድደው ሊጨርሱት ደረሱ። የቤታቸው ግድግዳ ስስ ስለነበር ሙቀቱ በየስንጥቁ ይወጣል፤ እነሱም እንጨት ይጨምራሉ። ንጉሣቸው አንበሳ ነገሩ አሳሰበውና አዋጅ አስነገረ።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ተራራ የሚሠራ ቤት ሁሉ ግድግዳው ድርብ ይሁን። በመካከሉ ደረቅ ጭድ ይጠቅጠቅ። ያኔ ጥቂት እንጨት ቤቱን አሙቆ ያሳድራል፤ ደናችንም ይተርፋል። ይህንንም ቀበሮ እየዞረ ይቆጣጠር።»

አዋጁ መልካም ነበር። አህያም ስትሰማው ደስ አላት።

አህያ በዚያ ሰሞን አርግዛ ነበር። የኅዳር ውርጭ ሳይመጣ ልጇን የምትወልድበትን ቤት ለመጨረስ ትጣደፋለች። ግድግዳውን አቁማ፣ ጭቃውን መርጋ፣ ክዳኑ ብቻ ቀርቷታል። ወራጁም ሣሩም ተዘጋጅቷል። ልትከድን ስትል ቀበሮ መጣ።

«እመት አህዪት፣ ይሄ ግድግዳ ነጠላ ነው» አላት።

«አዎ አያ ቀበሮ፤ አዋጁ ሳይወጣ ነው ያቆምኩት። የቀረኝ ክዳኑ ብቻ ነው።»

«አዋጁ የሚለው ‹የሚሠራ ቤት› ነው። ለመሆኑ ቤትሽ አልቋል?»

«አላለቀም።»

«እንግዲያው እየተሠራ ነው። ሁለተኛ ግድግዳ አቁሚና ጭዱን ጠቅጥቂ። እኔ መጥቼ ሳላይ ደግሞ እንዳትከድኚው! ከከደንሽው ጭዱ አይታየኝም፤ አፈርሰዋለሁ።»

አህያ አልተከራከረችም። በከበደ ሆዷ ጭቃ እየረገጠች፣ እንጨት እየተሸከመች ሁለተኛውን ግድግዳ አቆመች። ጭድ ፍለጋ ስትወጣ ግን በተራራው ላይ ጭድ የሚባል ጠፍቷል፤ ቤት የሚሠራው ሁሉ ሰብስቦ ወስዶታል። የነበራት ለክፉ ቀን ብላ ያስቀመጠችው የራሷ ቀለብ ብቻ ነበር። ቆማ አየችው። ከዚያ እየራባት፣ አንዲት ጉርሻ እንኳ ሳትቀምስ፣ በግድግዳዎቹ መካከል ጠቀጠቀችው።

«ቤቱ ከሞቀልኝ ቅጠል እየለቀምኩም ቢሆን እከርማለሁ» አለች።

ከዚያ ቀበሮን መጠበቅ ሆነ። ሄዳ ጠራችው፤ «እመጣለሁ» አላት። ደግማ ሄደች፤ «ተራሽ አልደረሰም» አላት። «ዝናብ ቢመጣስ? እባክዎ ልክደነው» ብትለው ጀርባውን ሰጥቷት ሄደ።

ከእሱ ዘንድ ስትመለስ ጅብን አዲሱ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተጋድሞ አገኘችው። ቤቱ ተከድኖ አልቋል፤ ጭሱም ይትጎለጎላል።

«አያ ጅቦ፣ ያንተን ቤት መቼ አዩልህ?»

«ማን ያየዋል? እኔ ሁለት ግድግዳ አልሠራሁ፣ ጭድ አላስገባሁ! ለቀበሮ አንድ የበግ ታፋ ሰጠሁት፤ ‹ቤትህማ እጅግ ይሞቃል› ብሎኝ ሄደ» ብሎ ሳቀ። የሚደበቅ ነገር መሆኑ እንኳ አልገባውም። «እርግጥ ይበርዳል። ግን ቀን ከሌት ግንድ እማግዳለሁ። አንቺም ሥጋ ስጪው፤ ያሳልፍሻል።»

«እኔ ሥጋ ከየት አመጣለሁ?»

ጅብ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ አያት፤ ሆዷ ላይ ሲደርስ ምራቁን ዋጠ።

«ሥጋማ ካንቺ ወዲያ ማን አለው?»

አህያ ወደ ቤቷ ሮጠች።

ብዙም ሳይቆይ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። ክዳን በሌለው ቤት፣ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል እየወረደ ጭዱን አበሰበሰው። ቀበሮ የመጣው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው። መዳፉን ሰደደና ጥቂት ጭድ መዝዞ አሸተተ።

«ይሄማ እርጥብ ነው። አዋጁ ደረቅ ነው የሚለው።»

«እርስዎን ስጠብቅ እኮ ነው የበሰበሰው! ልክደነው ብዬ ለምኜዎት ነበር!»

«ልክ ነሽ፤ ቢሆንም እርጥብ ነው። አውጪና በደረቅ ተኪው» አለና ሄደ።

ደረቅ ጭድ ከየትም አልተገኘም። ውርጩ ግን ጊዜውን ጠብቆ መጣ። አህያ በዚያ ድርብ ግድግዳ ውስጥ፣ ከሰማይ በታች ወለደች። ውርንጭላዋን ላሰችው፤ ሆዷ ሥር ሸሸገችው፤ በትንፋሿ ልታሞቀው ታገለች። ሲነጋ ሰውነቱ ደርቆ ነበር።

ልጇን ቀብራ ወደ አንበሳ ሄደች። አንበሳ የደረሰባትን ሲሰማ ደነገጠ፤ ቀበሮንም አስጠርቶ ጠየቀው።

«ጌታዬ፣ በመጀመሪያ ግድግዳው ነጠላ ነበር፤ በኋላም ጭዱ እርጥብ ነበር። ባዘዙኝ ቃል ላይ አንዲት አልጨመርኩም» አለ ቀበሮ።

«የጅብስ ቤት?» አለች አህያ። «ድርብ ግድግዳ የለው፣ ጭድ የለው!»

«የጅብ ቤት ተከድኗል። ካልፈረሰ ውስጡ አይታይም» አለ ቀበሮ።

አንበሳ ራሱን ነቀነቀ። «በዚህ ውርጭ የማንንም ቤት አላፈርስም» አለ። ወደ አህያም ዞሮ «እመት አህዪት፣ ያንን አዋጅ ያወጣሁት እኮ እንዳይበርዳችሁ ብዬ ነው» አላት።

«አውቃለሁ ጌታዬ። እኔም ስሰማው ደስ ብሎኝ ነበር።»

«በይ አሁን ሂጂና ቤትሽን ክደኚው። እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ለማን ብዬ?» አለችው።

አህያም ወደ ቤቷ ሳትመለስ፣ ተራራውን ለቃ ወደ ቆላው ወረደች። በማግስቱ ጅብ መጥቶ ወራጇን ሁሉ ለቃቅሞ ማገደው፤ ሲያልቅበትም መጥረቢያውን ይዞ ወደ ደኑ ወጣ።

ከዚህ የምንማረው፣ መልካም አዋጅ ብቻውን ማንንም እንደማያሞቅና፣ አስፈጻሚው ቃሉን ይዞ ዓላማውን ሲጥል ብርድ ላይ የሚቀረው ሕጉን ያከበረው መሆኑን ነው።