ስም ያገኘችው አበባ

ተረት ተረት! ዛሬ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ «የአበባ መደብ» በሉኝ።

ድሮ፣ አበባ ሲናገር ሰው በሚሰማበት ዘመን፣ ዘርትሁን የምትባል ሴት ነበረች። አንዲት ልጇ ማስረሻ በሕፃንነቷ ሞተችባት። ስሟን የሚጠራ ሰው ጠፋ። ዘርትሁን ሁለት የአይሪስ አበቦች አዳቀለች፤ ዘራቸውንም በጓሮዋ ዘራች። አይሪስ እንደ ሙዝ በሥሯ ዳር ልጅ ታወጣለች፤ ሰው የሚተክለው ያንን ልጅ ነው።

«ከችግኞቼ የበለጠችውን ማስረሻ እላታለሁ፤ ልጆቿን ለጎረቤት አድላለሁ። የልጄ ስም በየደጁ ይጠራል» አለች።

ሦስት ዳኞችም ጠራች፤ ንብን፣ ነፋስንና ዝናብን። በፈተናቸው የወደቀች ትነቀላለች፤ ከአጥር ውጭ ለጃርት ትጣላለች። መደቡ በሙሉ ተንቀጠቀጠ።

መጀመሪያ ንብ መጣች። «መዓዛ አምጡ!» አለች። አፈር በመደቡ ዳር ለበቀለች አንዲት ችግኝ «ልጄ፣ ልጆችሽን የት ላስተኛልሽ?» አላት። «ቆይ አፈርዬ፣ መጀመሪያ ስም ይውጣልኝ» ብላ ጉልበቷን መዓዛ አደረገችው። እሷ አለፈች፤ ያልሸተቱት ተነቀሉ። ጃርት «ተመስገን» አለ።

ቀጥሎ ነፋስ መጣ። «ግንድ አምጡ!» አለ። አፈር የዳሯን ችግኝ «ልጆችሽስ?» አላት። «ቆይ አፈርዬ፣ ስም ይውጣልኝ» ብላ ጉልበቷን ግንድ አደረገችው። አለፈች። አንዲት ደብዛዛ አበባ ግን ጎንበስ አለች፤ ሥሯን ልጆች ከበውታል።

«እመቤቴ፣ አትንቀይኝ! ልጆች አሉኝ!» ብላ አለቀሰች።

«ልጅ ማን ጠየቀሽ?» አለች ዘርትሁን። ነቅላ ጣለቻት። እናት ሆና እንዲህ አለች፤ ምን ይባላል!

በመጨረሻ ዝናብ መጣ። «የማይበጠስ ቅጠል አምጡ!» አለ። አፈር እያለቀሰ «ልጆችሽስ?» አላት። «ቆይ፣ ትንሽ ቀረኝ» አለች። ዝናቡ ሲያባራ በመደቡ ላይ የቆመችው እሷ ብቻ ነበረች። ማስረሻ ተባለች።

ጎረቤት ቅርጫቱን ይዞ መጣ። «ማስረሻ! ማስረሻ!» እያለ ዘፈነ። ዘርትሁን በደስታ አነባች፤ ዶማዋንም አንስታ ቆፈረች። አንድም ልጅ የለም። ሥሩ ባዶ፣ ደርቆ የተጨማደደ ነበር።

«ልጆችሽ የት አሉ?» ብላ ጮኸች።

አበባዋ እየጠወለገች «እመቤቴ፣ ልጅ ማን ጠየቀኝ?» አለቻት። አንገቷን ደፋች፤ ሞተችም።

ዘርትሁን ደብዛዛዋን ፍለጋ ከአጥር ውጭ ሮጠች። ጃርት አፉን እየጠረገ «ልጆቿ እንዴት ይጣፍጡ ነበር!» አላት።

ጎረቤት ባዶ ቅርጫቱን ይዞ ተመለሰ። የማስረሻንም ስም ረሳው። ዘርትሁን ጉድጓዱ አጠገብ ተቀምጣ ለብቻዋ «ማስረሻ፣ ማስረሻ» ትላለች። «አቤት» የሚላት የለም።

ላዩን የመረጠ፣ ሥሩን ያልጠየቀ፣ ስም ታቅፎ ይቀራል። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ግን በዳቦ አታብሱልኝ፣ ዛሬ ዳቦም አይወርድልኝ።