ዳገት ላይ ቦግ የምትል መብራት

ደብረ ማርቆስ እኛ ሰፈር ሰዎች አንዱን አይተው በክርናቸው ጎሸም እየተደራረጉ ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሰው ሲሰማት የድሮ ዘመን ጥበበኛ የተናገራት ይመስለዋል። የምን የድሮ ዘመን! ከአንዲት ትንሽ መኪና የወጣች ናት፤ ያወጧትም እማማ ማንጠግቦሽ ናቸው።

መኪናዋ የአማቻቸው የሽባባው ናት። ሽባባው ልብስ ሰፊ ነው፤ ስንት ዘመን ሲመኝ ኖሮ አንዲት አሮጌ መኪና ገዛ። ሚስቱ እንጉዳይ ትንሽነቷን አይታ ድንቢጥ አለቻት፣ ስሙም ጸናባት። እኛ ሰፈር ደግሞ መኪና የገዛ ሰው ለራሱ ብቻ ገዛ ማለት ዘበት ነው። ሙሽራ ሲኖር ድንቢጥ፣ በሽተኛ ሲኖር ድንቢጥ፣ ክርስትና ሲኖር ድንቢጥ ትጠራለች። ሽባባው ይሉኝታ የያዘው ሰው ስለሆነ ቁልፉን ጠይቆ እምቢ የተባለ የለም።

በዚያ ሰሞን ግን እሱም ለራሱ አጥብቆ ፈልጓት ነበር። እንጉዳይ ከስንት ዓመት ስለት በኋላ አርግዛ ወሯ ገብቷል። ሆስፒታሉ ከዳገቱ በላይ ነው፤ ሐኪሙም ምጥ ሲጀምራት ሳትዘገዩ አምጧት ብሎ አስጠንቅቋል። ሽባባው ልብስ ሲለካም ሲሰፋም የሚያስበው ያን ቀን ድንቢጥ ሚስቱን ዳገቱን ታወጣለት እንደሆነ ብቻ ነው።

እና በዚያው ሳምንት ያቺ ቀይ መብራት በራች።

መኪና የነዳ ሰው ያውቃታል። ከመሪው በስተጀርባ፣ ከአፏ ጠብታ የምትጥል ማንቆርቆሪያ የምትመስለው ናት፤ የሞተሩ ዘይት ግፊት ወርዷል ስትል ትበራለች። ሜዳ ላይ ጥፍት ትላለች፣ ዳገት ሲጀመር ቦግ። ሽባባው የዘይቱን መለኪያ መዝዞ አየው፣ ሙሉ ነው። ጠርጎ እንደገና ነከረው፣ አሁንም ሙሉ። ታዲያ ምን ሁኑ ነው የምትለው ይህቺ ጉድ?

መካኒኩ ተመቸ ጋ ወሰዳት። ተመቸ መጀመሪያ የጠረጠረው መብራቷን የምታበራዋን ሴንሰር ነው፤ አውጥቶ አዲስ አስገባ። ሽባባው እያፏጨ ሄደ፤ ዳገቱን ሲያጋምስ ቦግ አለች። ተመለሰ። ዘይቱ ቀጥኖ ይሆናል ተባለና ከነማጣሪያው ተቀየረ። ቦግ። ሽቦው ተላልጦ ይሆናል ተባለና ከጫፍ እስከ ጫፍ ተፈተሸ። ዳገቱ ላይ ያችው ቦግ። ሽባባው በዚህ ሰዓት ከመብራቷ ጋር እንደ ሰው መነጋገር ጀምሮ ነበር፤ የሚናገራትን ሁሉ እዚህ መጻፍ አይገባም።

በመጨረሻ ተመቸ የግፊት መለኪያ ሞተሩ ላይ አሰረና አብሮት ዳገቱን ወጣ። ግፊቱ እውነትም ወረደ። መብራቷ አልዋሸችም ማለት ነው፤ ዘይቱ እያለ ሞተሩ ጋ አይደርስም። ተመቸ ድንጋይ ነክታ እንደሆነ ጠየቀና ባትሪ ይዞ ከሥሯ ገባ። ሆዷ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። እቺማ እንኳን ድንጋይ ጭቃም አላገኛት አለና ወጣ። እንግዲህ የቀረው የዘይቱ ፓምፕ ነው ብሎ አዲስ አበባ ላከ፤ እስኪመጣ ጠብቅ ተባለ።

ጠብቅ! የሚስቱ ምጥ ፓምፕ እስኪመጣ ይጠብቅ ይመስል።

ሽባባው ቤቱ ገብቶ ይህን መዓት ማን እንዳመጣበት ያሰላስል ጀመር። መብራቷ ሳትበራ በፊት መኪናዋን ሁለት ሰው ተውሷት ነበር። መጀመሪያ የወሰዳት የእንጉዳይ ወንድም አንለይ ነው። አንለይ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ባጃጁ ጭቃውን አልወጣ ቢለው ነው የክርስትና እናት ከገጠር ሊያመጣ ድንቢጥን የለመነው። ሲመልሳት ጎኗን በእርጥብ ጨርቅ ደባበስ አድርጎ፣ ጎማዋን ከነጭቃው ትቶ፣ እግዜር ይስጥልን ብሎ ቁልፉን አስረከበ። ቀጥሎ የወሰዳት ጎረቤቱ ባለሱቁ ብናልፈው ነው። የሱ አመላለስ ሌላ ነው! ላይዋ ታጥቦ፣ ወንበሯ ተወልውሎ፣ ሆዷ ሳይቀር ከሥር ታጥቦና ዝገት እንዳይበላት ጥቁር ቀለም ተቀብቶ መጣች። ሽባባው ሰው ማለት ብናልፈው ነው እያለ ለሰፈሩ ሁሉ ሲያወራ ነበር የከረመው።

ታዲያ ጥፋተኛውን ለመለየት ምን ያስቸግራል? ጭቃው ይመሰክር የለም እንዴ! ሽባባው እየተንደረደረ ባጃጅ ተራ ሄደና አንለይን በሰው ፊት ያዘው።

«ሞተሯን አቃጥለህ አስረከብከኝ» አለው። «እህትህ ዳገት ላይ ብትቀርብኝ ደሟ ባንተ ነው።»

«እኔ ስመልስልህ መብራት የሚባል አልነበረም» አለ አንለይ።

«ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ!»

እንጉዳይ ይህን ስትሰማ አለቀሰች፤ እናቷ እማማ ማንጠግቦሽ፣ ልጃቸውን ሊያርሱ የመጡት፣ እንባዋን ጠረጉላት። ብናልፈው ግን ሮጦ መጥቶ ሽባባውን አጽናናው። መኪና ሲያረጅ እንዲህ ያደርገዋል፣ መብራቷን በፕላስተር ሸፍናትና ተገላገል ብሎ መከረው። ፕላስተሩንም ከሱቁ ይዞ መጥቶ ነበር። ሽባባው ይህንንም እንደ ወንድምነት ቆጠረው።

ምጡ የመጣው ቀትር ላይ ነው። እማማ ማንጠግቦሽ ባጃጅ ይጠራ አሉ። ሽባባው ባጃጅ ሲባል አንለይ ትዝ አለውና ለዚህች ቀን ብዬ የገዛኋት መኪና እያለች አልለምንም ብሎ እንጉዳይን ድንቢጥ ላይ አሳፈራት። ዳገቱ ሲጀመር ፕላስተሩ ሥር ያለችው ቦግ አለች፤ ቅላቷ በጠርዙ ያሾልቃል። ሽባባው እመብርሃንን እየተማጸነ ነዳ። ዳገቱን ሲያጋምስ ሞተሩ ቋ ቋ ማለት ጀመረ፤ እንጉዳይም አብራው ጮኸች። ከዚህ በላይ ብነዳት ሞተሯ ነክሶ ጭራሽ ይደርቃል ብሎ አጠፋት። ሚስቱ በምጥ፣ መኪናዋ ቆማ፣ እሱ መሪውን ታቅፎ ቀረ።

ያን ጊዜ አንዲት ባጃጅ ከኋላቸው መጥታ ቆመች። አንለይ ነው። ለካ እማማ ማንጠግቦሽ ከቤት ሳይወጡ ደውለው ራቅ ብለህ ተከተላቸው ብለውት ኖሯል። አንለይ ሽባባውን ቀና ብሎም አላየው፤ እህቱን አቅፎ አወረደና ባጃጁ ላይ አስገብቶ ከነፈ። ሆስፒታል በደረሱ ጥቂት ቆይቶ እንጉዳይ ሴት ልጅ ተገላገለች። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው።

ድንቢጥ ተጎትታ ተመቸ ጋ ገባች። ተመቸ ፓምፑን መጠበቅ ተወና ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ ፈታው። መያዣው ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ዘይት የሚስበውን ቱቦ አፍ ሊደፍነው ምንም አልቀረው። ያን ወፍራም ጥቁር ቀለም በቢላዋ ፋቀው፤ ከሥሩ ድንጋይ የላጠው ጭረት ፈጦ ወጣ። ሽባባው ጭረቱን በጣቱ ዳበሰው። በድንጋዩ አይደለም የተቃጠለው፤ ድንጋይ ማንንም ይመታል። ያቺን መብራት ስንት ቀን ሲሰድባት የከረመው፣ አንለይን ያዋረደው፣ ሚስቱን መንገድ ላይ ሊያስቀር የነበረው፣ በዚህ ቀለም የተነሣ ነው።

ቤቱ ሲደርስ እንጉዳይ ከሆስፒታል ገብታ፣ ሰፈርተኛው እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊል ተሰብስቦ ገንፎው ቀርቧል። ሽባባው በር ላይ ባገኘው በአንለይ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል አንለይ ክንዱን ይዞ ቀና አደረገው። ብናልፈውም እዚያው ነው፤ ቅቤ በቅል ይዞ የመጣው አንሶ፣ ማንም ሳያዘው ማንቆርቆሪያና ሳህን አንሥቶ እንግዶቹን እጅ ያስታጥባል። እማማ ማንጠግቦሽ ጋ ደርሶ ጎንበስ እንዳለ ሽባባው ጠየቀው።

«ብናልፈው፣ ድንቢጥን ድንጋይ ላይ አውጥተሃታል?»

«ዝገት እንዳይበላት ብዬ እኮ ነው የቀባኋት» አለ ብናልፈው።

«ስለ ዝገት አልጠየቅኩህም። ሚስቴ ዳገት ላይ ልትሞትብኝ ነበር።»

ብናልፈው ማንቆርቆሪያውን እንዳዘነበለ ቀረ፤ ውሃው በሳህኑ ጠርዝ አልፎ ምንጣፉ ላይ ይፈስሳል። «ልነግርህ ነበር እኮ» አለ በመጨረሻ። «ገና ሳልናገር አመሰገንከኝ፤ ለሰፈሩም አወራህልኝ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልንገርህ?»

ሽባባው ወደ በሩ ዞረ። ምስጋናውን ያዘነበው እሱ ራሱ ነው፤ የስድቡ ድርሻ የደረሰው አንለይም በሩ አጠገብ ቆሞ ያየዋል።

እማማ ማንጠግቦሽ እጃቸውን ከውሃው ሥር ሳብ አደረጉና በነጠላቸው ጫፍ አደራረቁ። በሩ ላይ ወደቆመው ወደ ልጃቸው አየት፣ ጎንበስ ብሎ ወደቀረው ወደ ብናልፈው ደግሞ አየት አደረጉና፣ ሳይቆጡ፣ እንዲህ አሉ፦ «ተወው ልጄ፣ እጄንስ እኔው እታጠባለሁ፤ ጎን ያጠበ ሊያመሰግን፣ ሆድ ያጠበ ሊሸፍን።»