ካርታውን ያጠናው ማን ነው?

ለትምህርት ቤቱ የተሰጠውን ትልቅ የኢትዮጵያ ካርታ ርዕሰ መምህሩ አቶ ልሳነወርቅ ቢሯቸው ውስጥ፣ ከወንበራቸው ጀርባ አሰቀሉት። የጂኦግራፊዋ መምህርት ለክፍል ልትዋሰው በሄደች ቁጥር፣ «በጣታቸው እየነካኩ እንዲያቆሽሹት ነው? በቃልሽ አስረጂያቸው!» እያሉ ይመልሷት ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ከወረዳ እንግዶች ሲመጡ ግን ካርታውን አስወርደው ክፍል ውስጥ ሰቀሉትና ቀጭን በትር ይዘው ፊት ቆሙ። አንዷን ተማሪ አስነሥተው፣ «ጣናን አሳዪን!» አሏት። ልጅቷ ካርታ የሚባል ነገር አይታ አታውቅምና ጣቷን አፋር በረሃ ላይ አሳረፈች።

አቶ ልሳነወርቅ እንግዶቹ እንዲሰሙ ጮክ ብለው መምህርቷ ላይ ዞሩባት። «ሐይቅን ከበረሃ የማይለይ ተማሪ ይዘሽ ደመወዝ ትበያለሽ? ይህን ካርታ ያጠና አንድ ሰው ካላሳየሽኝ ዛሬውኑ ከትምህርት ቤቴ ትወጫለሽ!»

«አለ እንጂ፣ ጌታዬ» አለች መምህርቷ። «ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳያጓድል ካርታው ላይ ተደግፎ የከረመው የእርስዎ ጀርባ ነው። እስቲ ዞር ይበሉልንና ጣናን እሱ ያሳየን።»